ደግነት ፌርማታ አይጠራም

ስለ ዓይነ ስውራንና ስለ መንገድ በተነሳ ቁጥር የሚቀድም አንድ መልስ አለ፤ «የኛ ሰው እኮ ደግ ነው፤ እጅ ይዞ የሚያሻግር አይጠፋም።» ይህን ሹሙም፣ መሐንዲሱም፣ ታክሲ ውስጥ ጎንዎ የተቀመጠው መንገደኛም ይሉታል። የሚናገር የትራፊክ መብራት፣ ፌርማታ የሚጠራ አውቶቡስ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ የሚናገር ሊፍት ሲነሳ ደግሞ «እሱማ ሰው ለሰው የማይተያይበት አገር ነገር ነው፤ እኛ ሰው አለን» ይባላል። አባባሉ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገረ። ሕዝባችን በእርግጥ ያሻግራል፣ ወንበር ይለቃል፣ ሒሳብም ይከፍላል። ችግሩ ይህን ደግነት በመንገድ ሥራ ምትክ መቁጠራችን ነው። ዓይነ ስውር መንገደኛ ማንንም ሳይለምን የት እንዳለ የማወቅ መብት አለው። የት እንዳለ የሚነግረው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ ማዘጋጀትና መጠበቅ ደግሞ የአላፊ አግዳሚው ሳይሆን የመንገዱ ባለቤት ሥራ ነው። የምከራከረው ለዚህ ነው።

ክርክሩን ወደ ዓለም ገና ልውሰደው። ከአየር ጤና ተነስተው ካራ ቆሬንና ወለቴን ካለፉ በኋላ የሚያገኙት ዓለም ገና መንገድ የሚለያይበት ከተማ ነው። አንዱ በሰበታ አድርጎ ወደ ጅማ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ ይወርዳል። ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ሰበታ ላይ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። በዚህ መስመር ነጭ በትር ይዞ የሚሄድ ወጣት ብርቅ አይደለም። ረዳቱ ለምዶታል፣ ባለ ሱቁ ለምዶታል፣ የባጃጁ ሾፌር ለምዶታል። በአገራችን ዓይነ ስውር መንገደኛ እንደሚመጣ እየታወቀ የሚሠራ አንድ ጎዳና መኖር ካለበት ይህ ነበር። እዚህ ያልታሰበበት ሌላ ቦታ ይታሰብበታል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው።

መጋጠሚያው አጠገብ ቆመው ትንሽ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በስተቀኝ «አየር ጤና፣ አየር ጤና! ሜክሲኮ!» ይባላል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው መስመር እዚያ ነው። ከማዶ «ሰበታ! አንድ ሰው የቀረው ሰበታ!» ይሰማል፤ አስፋልቱ በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ነው ማለት ነው። የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ሲከፈት የሚያሰማው መንኳኳት መግቢያውን ያሳያል። ባጃጆቹ ጠርዝ ጠርዙን እየተንጣጡ ይሄዳሉ፤ እነሱ ካሉበት ወዲህ እግረኛ መቆም ይችላል። ሲኖትራክ ፍሬን ሲይዝ የሚያወጣው ትንፋሽ ርቀቱንም ፍጥነቱንም ይናገራል። ብየዳ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ ስለሆነ እንደ ምልክት ያገለግላል። ተሳፍረው ሲሄዱም ረዳቱ «ወለቴ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወራጅ ኖረም አልኖረ የቦታው ስም ተነግሯል። ይህን ሁሉ ያቀናጀ መሥሪያ ቤት የለም፣ በጀትም አልተያዘለትም፤ ግን ዓይነ ስውር ሰው ከሰበታ መርካቶ ብቻውን ደርሶ የሚመለሰው በዚህ ነው። ጥሪው በአብዛኛው የቦታ ስም ስለሆነም አማርኛ ተናጋሪ ሆነ ኦሮምኛ ተናጋሪ እኩል ይገባዋል፤ ይህንን አጥንቶ የሚያወጣ አማካሪ ድርጅት ቢገኝ ጥሩ ገንዘብ ያስከፍልበት ነበር።

እኛ ግን ይህን ጥሪ የምንጠራው «የወያላ ጩኸት» ብለን ነው። የሥልጣኔ ተቃራኒ አድርገን፣ ከተማው ሲዘምን የሚጠፋ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። በምትኩ የሚመጣው ምንድን ነው? ግንባሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት አውቶቡስ። የአንበሳም የሸገርም አውቶቡሶች ቁጥራቸውን የሚናገሩት ለዓይን ነው። ፌርማታው ላይ የቆመ ዓይነ ስውር አውቶቡሱ መድረሱን ይሰማል፤ ስንት ቁጥር እንደሆነ ግን አያውቅም። «ይቅርታ፣ ይሄ ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አጠገቡ ሰው ካለ፣ ያም ሰው ስልኩ ላይ ካላፈጠጠ መልስ ያገኛል፤ ካልሆነ በሩ ተዘግቶ አውቶቡሱ ይነሳል። አንድ ብር የማያስወጣውን ጥሪ ኋላ ቀር ብለን፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበትንና ዝም ያለውን ዘመናዊ አልን።

ወደ ደግነቱ ልመለስ። መንገድ ዳር የቆሙ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ እንበል። ታክሲ እየጠበቁ ነው፤ የሰበታው ጥሪ እስኪመጣ ጆሯቸውን አቅንተዋል። አንድ ወጣት ይመጣል። «አባቴ፣ ይምጡ ላሻግርዎት» ይልና መልስ ሳይጠብቅ በትር የያዙበትን ክንድ አፈፍ ያደርጋል። በትሩ መሬት መንካቱን ያቆማል፤ ሽማግሌው የሚያዩበት መሣሪያ ተነጠቀ ማለት ነው። «ልጄ፣ እኔ እኮ…» ሳይጨርሱ አስፋልቱ መሃል ናቸው። ማዶ ሲደርሱ ወጣቱ «በርቱ አባቴ» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቆማሉ፤ ግራቸው ቀኝ፣ ፊታቸው ኋላ ሆኖባቸዋል፤ የሰበታ ጥሪ ከተዉት ማዶ ይመጣል። አሁን የሚመልሳቸው ሌላ ደግ ሰው መጠበቅ አለባቸው። ይህን ታሪክ ከአንድ ሰው አልሰማሁትም። ዓይነ ስውራን በተሰበሰቡበት ሁሉ እየሳቁ የሚያወሩት ነው፤ የሚስቁበት ግን ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም።

ወጣቱ ክፉ አልሠራም። ግን እጅ መያዝ እጅ ነው እንጂ መረጃ አይደለም። አንድ ቃል ቢናገር፣ «አባቴ፣ ይሄ ወደ አየር ጤና የሚሄደው ነው» ቢል፣ ሽማግሌው ሊሠሩበት የሚችሉት ነገር በሰጣቸው ነበር።

ደግነት ደግሞ ሰዓት አለው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሁሉም ለታክሲ ሲሻማ ደጉ ሰው የራሱን ነፍስ ይዞ ይሮጣል። ማን እንደሆነ ባልታወቀ ሰው ክንድ መመራት ለሁሉም እኩል ቀላል እንዳልሆነም አንርሳ። ከትምህርት አምሽታ ወደ ወለቴ የምትመለስ ወጣት ሴት ድምፁን እንኳ ለማታውቀው ወንድ እጇን እንድትሰጥ የሚያስገድዳት ጎዳና ደግ ጎዳና አይባልም። «ሰው አለን» የሚሉት ሰዎች ያ ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ሰምቼ አላውቅም።

ሌላም መሸሸጊያ አለን። «ፈጣሪ ዓይናቸውን ቢነሳቸው ሌላ ስጦታ ሰጥቷቸዋል፤ ግድግዳውን ሳይነኩት ያውቁታል።» ይህ አድናቆት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን «ምንም ማድረግ አይጠበቅብንም» ነው። ጉዳዩ ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ካርል ዳሌንባክና ባልደረቦቹ ዓይነ ስውራን ከግድግዳ ጋር ሳይጋጩ የሚቆሙት በምን እንደሆነ ፈተኑ። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር እንደሚሰማቸው ይናገሩ ነበር። ፊታቸውና እጃቸው ተሸፍኖ ሲሄዱ አሁንም ግድግዳውን ለዩት። ጆሯቸው ሲደፈን ግን ተጋጩ። በካልሲ ብቻ ሆነው ምንጣፍ ላይ ሲራመዱም ነገሩ ከበዳቸው፤ የእግር ኮቴያቸው ከግድግዳው ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ነበር ለካ የሚመራቸው። ዓይናቸው ተሸፍኖ የተፈተኑት የሚያዩ ሰዎችም በልምምድ ያንኑ ችሎታ አገኙ። ስለዚህ ተአምር ሳይሆን ጆሮና ትምህርት ነው። ጆሮ ደግሞ ሊታፈን ይችላል፤ የምናፍነውም እኛ ነን። በሱቁ ደጃፍ ቀኑን ሙሉ በሞንታርቦ ሙዚቃ የሚለቅ ነጋዴ ሰው እያዝናና ይመስለዋል፤ ለበትር ያዡ ግን መንገዱ ላይ መጋረጃ እየጣለበት ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ድምፅ ጨምሩ ነው ወይስ ቀንሱ ነው የምትለው?» የሚል ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የከተማ ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለም። የሞንታርቦው ሙዚቃ የትም ሆነው ያው ነው፤ ስለ ቦታው የሚናገረው ነገር የለም። የረዳቱ ጥሪ ግን ከአንድ ቦታ ይመጣል፣ አንድ ነገር ይናገራል፣ ይቆማል። እኛ እያደረግን ያለነው የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚናገረውን ለማጥፋት እንመኛለን፣ የማይናገረውን እንታገሠዋለን። ነዋሪ ሳይረበሽ ዓይነ ስውር የሚሰማበት መላ ደግሞ ከተገኘ ቆይቷል። በቼክ ሪፐብሊክ ፕራግ ውስጥ ዓይነ ስውራን ኪስ የምትገባ ማስተላለፊያ ይይዛሉ። ቁልፏን ሲጫኑ የደረሰው ትራም በውጭ በኩል ቁጥሩንና አቅጣጫውን ይናገራል፤ የምድር ባቡር መግቢያውም ያለበትን ያስታውቃል። ካልጠየቁት ዝም ነው። በጃፓን መሻገሪያዎች ላይ የወፍ ድምፅ ተመርጧል፤ አንዱ አቅጣጫ እንደ ኩኩ፣ ሌላው እንደ ጫጩት ይጮሃል፤ ስለዚህ ተሻጋሪው አረንጓዴ መብራቱን ብቻ ሳይሆን የትኛው መንገድ እንደተከፈተ ያውቃል። እነዚህ አገሮች ሰው ስለጠፋባቸው አይደለም ይህን የሠሩት። ቶኪዮ መንገድ ላይ ሰው ጠፋ ያለ ማን ነው?

ሕጋችንስ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። ከዚያ በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ አካል ጉዳተኞች አንድ አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጽ 36። አንቀጹ ለዊልቸር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለሚቸገር ሰው መግቢያ እንዲኖር፣ መፀዳጃ ቤትም እንዲመቻች ያዝ ነበር። መልካም ነው፤ ቢከበር የበለጠ መልካም ነበር። ስለ ድምፅ ግን ቃል አልነበረውም። ከዚህ የተነሳ «ተደራሽ ነው» የተባለ ሕንፃ ማለት መወጣጫ የተሠራለት ሕንፃ ማለት ሆኖ ቀረ። ዓይነ ስውሩ በመወጣጫው ይገባል፤ ሊፍት ውስጥ ይቆማል፤ በሩ ሲከፈት ሦስተኛ ይሁን ሰባተኛ ፎቅ አያውቅም። «ሰው ይጠይቅ» ይባላል። ባዶ ሊፍት ውስጥ ማንን?

አሁን ደግሞ የባሰ መጣ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በነዳጅ ወጪ ለተማረረ አገር ምክንያቱ ይገባኛል፤ ክልከላውን የምቃወም አይደለሁም። ዜናው ሲወራ ስለ ባትሪ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ መለዋወጫ ብዙ ተባለ፤ መኪናው ድምፅ እንደሌለው ግን እንደ ምቾት ካልሆነ በቀር የሚያነሳ አልሰማሁም። በዝግታ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ አይሰማም። በፍጥነት ሲሄድ ጎማውና ነፋሱ ይጮሃሉ፤ አደገኛው ከቆመበት ሲነሳ፣ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ከግቢ ሲወጣ ነው። እግረኛ የሚገኘውም እዚያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይቶ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ በሚመዘገቡ የኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪኖች ሁሉ ላይ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ግዴታ አደረገ። መኪናው በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ድምፅ ማሰማት አለበት። አሜሪካም እስከ 30 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት ተመሳሳይ ደንብ አላት። እነዚህ ሕጎች እንዲወጡ የተከራከሩት በዋናነት የዓይነ ስውራን ማኅበራት ናቸው።

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች በዋና መውጫ መንገድ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ዓለም ገናና ሰበታ በጅማ መንገድ። የአብዛኛው እግረኛ መተላለፊያ የአስፋልቱ ጠርዝ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ቢኖርም የቆመ መኪና፣ የተከመረ አሸዋ፣ ክዳኑ የጠፋ ማንሆል አለበት። የሚናገር የትራፊክ መብራት እንዳይተከል መጀመሪያ መብራት ራሱ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ዓይነ ስውር የሚሻገረው መኪናውን በጆሮው መዝኖ ነው። መኪናውን ዝም ካሰኘንበት ያለውን አንድ መሣሪያ ወሰድንበት። ደጉ ሰው ደግሞ ከጀርባው ያለ ድምፅ የሚመጣውን መኪና እሱም አልሰማም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ «አሁን እኮ ሁሉም ስልክ ላይ አለ» የሚለው ነው። የሚናገር ስልክ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ዓይነ ስውራን ያነቡበታል፣ ይጽፉበታል፣ ገንዘብ ይልኩበታል። መንገድ ላይ ግን ሳተላይቱ ሰውዬው ያለበትን የሚናገረው በጥቂት ሜትሮች ስህተት ነው። በአስፋልቱና በቦዩ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አንድ እርምጃ ነው። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ሲደረግ መንገዱ ይታፈናል፤ ስልክ እጅ ላይ ሲወጣ ሌባ ይጠራል። ስልኩ የከተማውን ስም ይነግር ይሆናል፤ የታክሲውን በር አያሳይም።

የገንዘብ ነገር መነሳቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን ዓይነ ስውራን ጥቂት ናቸው ለሚል አንድ ቁጥር ልስጠው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የዕይታ መዳከም ያለበት መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ነው፤ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ። ይህ ቁጥር አንድ ነገር ይነግረናል። ዓይነ ስውር ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ሰበታ ገብቶ ብሬል የተማረው ልጅ ነው። አብዛኛዎቹ ግን ሲያዩ ኖረው ካረጁ በኋላ የጨለመባቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ብሬል አያነቡም፤ በትር አያያዝ ያሳያቸው የለም፤ ጆሯቸውን ያሰለጠነላቸው የለም። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ መገፈፍም አለበት፤ ተራቸው እስኪደርስ ግን ጠበል ይሄዳሉ፣ ገበያ ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ። ከግድግዳ ላይ የተለጠፈ የብሬል ጽሑፍ ለእነሱ ምንም አይደለም። «ዓለም ገና ደርሰናል» የሚል ድምፅ ግን ሁሉም ይረዳዋል፤ ጋዜጣ ማንበብ የማይችለው ተሳፋሪም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠር የመጣውም፣ በመስኮቱ ጭጋግ ምክንያት የት እንደደረሰ ያልለየውም።

ዋጋውስ? የአውቶቡስ ሾፌር በሩን ከፍቶ «ሰባ ሁለት ቁጥር» እንዲል ማዘዝ ገንዘብ አይጠይቅም። የፌርማታ ስም በአማርኛና በኦሮምኛ ቀድቶ ማጫወትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተራ አስከባሪ ታክሲዎቹን በየቀኑ አንድ ቦታ እንዲያሰልፍ ማድረግም እንዲሁ፤ የሰበታው ጥሪ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ ማዶ ከመጣ ጥሪው ዋጋ የለውም። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በአንድ አድርጎ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ መንገዱን ገና እየሠራ ነው፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ከማፍረስ አሁን ማሰብ ይቀለዋል። የኮሪደር ልማቱ ጎዳና ላይ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈውን ጎርበጥባጣ ንጣፍ አልንቅም፤ ሴይቺ ሚያኬ ፈጥሮት እ.ኤ.አ. በ1967 በጃፓን ኦካያማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው ይህ ንጣፍ እግርን በእርግጥ ይመራል። ግን ንጣፍ «ቀጥል» ወይም «ቁም» ይላል እንጂ የት እንደደረሱ አይናገርም።

ሰበታ ላይ ሰውን ራሱን ችሎ እንዲኖር እያስተማርን፣ ከግቢው በር ሲወጣ እጁን ለማንም እንዲሰጥ የምናስገድደው ከሆነ ትምህርቱን ራሳችን እያፈረስነው ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ለትራንስፖርት ባለሥልጣናት ይህን ነው። ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ እንዲኖረው፣ ማጥፊያ ቁልፍም እንዳይኖረው ይደንገግ። የሕዝብ አውቶቡስ ቁጥሩንና ፌርማታውን እንዲናገር ይታዘዝ። ረዳቱን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት በቦታው የምታስቀምጡትን ድምፅ አሳዩን።

እርስዎም፣ አንባቢ፣ ዓለም ገና ላይ ነጭ በትር የያዘ ሰው ቆሞ ሲያዩ ክንዱን አይያዙ። ቀረብ ብለው ይህን ብቻ ይበሉ፤ «ይሄ የሰበታ ታክሲ ነው፤ በሩ ከፊትዎ በስተግራ ነው፤ ሁለት ሰው ይቀረዋል።»